ጉልበትና ልብ

ውብአለም ባሏ መድኃኒቱን መተዋቸውን ያወቀችው ከኮቴያቸው ነው። መስከረም ላይ፣ ደመራ ሊደመር ሰሞን፣ ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ከኋላዋ የሰው እርምጃ ሰማች። ፈጠን ያለ፣ መሬት የማይጎትት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የተላከ ተማሪ መስሏት ቀና ስትል መሪጌታ ኪዳኔ ናቸው። የድንጋዩን ካብ እጃቸውን ሳያስደግፉ ተሻግረው መጡ።

«ምነው፣ ሰው አይተሽ እንደማታውቂ ታፈጥጪብኛለሽ?» አሏት።

«ሌላ ሰው መስለውኝ ነው።»

«ማን መሰልኩሽ?»

ወደ ጎመኗ ጎንበስ አለች። ከግንቦት ወዲህ እንዲህ ሲራመዱ አላየቻቸውም። መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ ለራሷም እስኪገርማት ድረስ ፊቷ ፈካ። ጎመኗን ታቅፋ ወደ ቤት ስትገባ ግን ነገሩ ገባት። እግራቸው የዳነው መድኃኒቱን ስለተዉት ነው። ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም።

መሪጌታ ኪዳኔ ስልሳን አልፈዋል። ከገሳይ ከተማ ከፍ ብሎ፣ የጉና ብርድ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ባለች ደብር የአቋቋም መምህር ናቸው። በበዓል ቀን ደብተራዎቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ ወረብ ሲያቀርቡ ቀኙን ረድፍ የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ድምፃቸው ከሌላው የተለየ አልነበረም። የሚለዩት በአቋቋማቸው ነው። ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ወርደው ሲነሱ መሬቱን የሚረግጡት ሳይሆን የሚያስፈቅዱት ይመስሉ ነበር።

ውብአለምም መጀመሪያ ያየቻቸው እንዲያ ሲያደርጉ ነው። ያደገችው እብናት ነው። ልጃገረድ ሳለች ለኪዳነ ምሕረት በዓል ከእናቷ ጋር ሄዳ፣ ከሴቶቹ መካከል ቆማ፣ ከእንግዶቹ ደብተራዎች አንዱን ቀጭን ወጣት አየች። ዓይኗን ወደ ታቦቱ ለመመለስ ብትታገል አልሆነላትም። በኋላ ሽማግሌ ሲላክ እናቷ «ደብተራ ነው፣ መሬት የለው፣ በሬ የለው» ብላ አንገራግራ ነበር። ውብአለም ደፍራ እሱን ስጡኝ አላለችም፤ በዚያ ዘመን ማን ልጅ እንዲያ ይል ነበር? ብቻ እህል አልበላ አላት። እናቷ ገባት።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። መንገድ ዳር ተቀመጡ፤ ላባቸው ቀዝቃዛ ነበር። የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት አደረሳቸው፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር። የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ኖሯል። በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞቹ ጥረት ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ክትትላቸው ደብረ ታቦር፣ ሲሳይ የሚባል ወጣት ሐኪም ዘንድ ሆነ።

ሲሳይ ከመድኃኒቶቹ አንዷን ለብቻ ነጥሎ አሳይቷቸው ነበር። «ይቺ የደም ቅባት የምትቀንስ ናት። ኮሌስትሮል የሚባለው ቅባት ደም ሥር ውስጥ እየተለጠፈ መንገዱን ያጠበዋል። ሁሉንም መድኃኒት በደንብ ይውሰዱ፤ ይቺን ግን በተለይ አደራ። የዕድሜ ልክ ናት።»

ጎረቤታቸው ፈንታነሽ ይህን ስትሰማ አልዋጥልሽ ብሏት ነበር። «እኛ ደግሞ ምን በላንና ነው ቅባት የሚበዛብን? ዓመቱን ግማሹን እንጾመዋለን፣ የቀረውን ደግሞ ሽሮ ነው። ይኼ የከተሜ በሽታ ነው። ጠበሉን ቢጠመቁ ይሻላል።» ውብአለምም ይኸንኑ ሐኪሙን ጠይቃው ነበር። እሱ ግን መልሶ የመሪጌታ አባት በምን እንደሞቱ ጠየቃት። አባታቸው በጎልማሳነታቸው አውድማ ላይ እህል ሲያበራዩ ወድቀው ነው የቀሩት፤ አገሩ ሁሉ «ምች መታው» ብሎ ቀበራቸው። «አንዳንድ ጊዜ በዘር ይመጣል» አላት ሐኪሙ። «ጾመኛም አይቀርለትም።» መሪጌታም ጠበሉንም ክኒኑንም ያዙ፤ ሁለቱም የአንድ ጌታ ስጦታ ናቸው አሉ። በየማታው ክኒኗን ከውኃ ጋር የምትሰጣቸው ውብአለም ነበረች።

ግንቦት ሲገባ ጭናቸውን ያማቸው ጀመር። «ከሩቅ አገር በእግሬ ስገሰግስ የመጣሁ ይመስለኛል» ይሏት ነበር ጠዋት ጠዋት። መጀመሪያ ክረምቱ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ዕድሜ ነው ተባለ። ሐምሌ ላይ ከወንበር ሲነሱ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው መያዝ ግድ ሆነባቸው። በፍልሰታ ጾም ቀኙን ረድፍ ለቀድሞ ተማሪያቸው ለአዳነ ለቀቁለትና ከሽማግሌዎቹ ጋር ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። አዳነ ጎበዝ ነው፤ አስተምረውታል። ግን ሲመለሱ ምንም አያወሩም። ድሮ ከበዓል ሲመጡ ማን እንደተሳሳተ፣ ማን እንዳማረበት እየነገሩ ያስቋት ነበር። አሁን ኩታቸውን አጥፈው ሰቅለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ውብአለም አጠገባቸው ተኝታ ትናፍቃቸው ነበር።

በዚያው ፍልሰታ ነው መሪጌታ «ከእንግዲህ ክኒኑን እኔው እውጠዋለሁ፣ በጾም ሰዓቱ ተዘበራርቋል» ብለው ከእጇ የወሰዱት። እሷም ያን ጊዜ አላሰበችበትም፤ እግራቸው የተሻላቸው ግን ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጎመኗን ታቅፋ ስትገባ አንድ በአንድ መጣላት። ማታውኑ ልትነግራቸው ወሰነች። ማታ ሲሆን ግን መሪጌታ እየተጨዋወቱ ራታቸውን በሉ፤ የአንድ ተማሪያቸውን አረማመድ አስመስለው አሳዩዋት፤ ሳቀች። ነገ እነግራቸዋለሁ አለች። የደመራ ዕለት ቀኙ ረድፍ ላይ ቆሙ። ረጅም ጊዜ አልቆዩም፤ ቢሆንም ውብአለም ከሴቶቹ ጋር እልል ስትል ድምፅዋ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነባት። ፈንታነሽ በክርኗ ጎነጠቻትና «ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?» አለቻት። ያን ዕለትም አልነገረቻቸውም። ክኒኑ መዋጥ እንዳለበት ታውቃለች፤ የባሕር ዳሩን አልጋ፣ አፋቸው ላይ የነበረውን ጭምብል አልረሳችም። ግን እንዲህ ሆነው የመጡትን ሰው በገዛ አፏ መልሳ ልትሸኛቸው አልቻለችም።

ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ መሪጌታ በድንገት ቆም ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። የወደቀ ኩታቸውን ሊያስተካክሉ ነበር፤ ሌላ ነገር አልነበረም። ውብአለም ግን የዚያን ጊዜው ሕመም የተመለሰ መሰላት። ያገኘችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?»

«መሪጌታ፣ መድኃኒቱን ትተውታል አይደል?»

ምእመናኑ እያለፉ እጅ ይነሷቸዋል፤ እሳቸውም አጸፋውን ይመልሳሉ። መንገዱ ጭር ሲል አጠገቧ ተቀመጡ።

«በምን አወቅሽ?»

«በእግርዎ።»

«ትቼዋለሁ» አሉ። «ልዋሽሽ አልችልም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ይዋጡ ትይኛለሽ። አንቺ ካልሽ ደግሞ እምቢ አልልም።» መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። «ለመሆኑ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከደመራ በፊት።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

ውብአለም የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ ጠቀለለች። «ደስ ብሎኝ» አለች።

መሪጌታ እጇን ያዙት። በመንገድ ላይ፣ በቀን፣ እንዲህ አድርገው አያውቁም።

ያን ሳምንት መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት በጠዋት ሚኒባስ ይዘው ወደ ደብረ ታቦር ወረዱ። ውብአለም ለሐኪሙ የምትለውን መንገድ ሙሉ ስታዘጋጅ ሄደች። ዛሬውኑ ይዋጡ፣ እኔ እግራቸውን አይደለም የምፈልገው፣ እሳቸውን ነው። ይህን ነው የምለው ብላ በልቧ ደጋግማ አጠናችው። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዘው ሆስፒታሉ ደረሱ፤ ወረፋቸው ሲደርስ ገቡ።

ሲሳይ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላቸው። መሪጌታ ምንም ሳይደብቁ ነገሩት። አልተቆጣም፤ እግራቸውን እየነካካ የት የት ያማቸው እንደነበር ጠየቃቸው፣ ቁጭ ብድግ አስደረጋቸው፣ ደም እንዲሰጡ ላካቸው። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱንም አስቀመጣቸው።

«ጡንቻዎ አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «ያለ እኔ ምክር ማቆምዎ ጥሩ አልነበረም። ግን አንድ ነገር አስተምሮናል። ሕመሙ መድኃኒቷን ከጀመሩ በኋላ መጣ፣ ሲያቆሙ ሄደ። ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ነው የሚውጣት። አንዳንዱም በሌላ ምክንያት እያመመው እሷን ይከሳታል። የእርስዎ ግን የእሷ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ተዋት አትለኝም?»

«አልልዎትም፣ አባቴ። ልብዎ አንዴ ተመትቷል። አንዴ የተመታ ልብ ሁለተኛ የመመታት ዕድሉ ከጤነኛው ይበልጣል። መድኃኒቷ ያን ዕድል ትቀንሰዋለች። ታጠፋዋለች ብዬ አልዋሽዎትም፤ እየዋጠም የሚታመም አለ፣ ሳይውጥም የሚኖር አለ። እርስዎ ከየትኞቹ እንደሆኑ አስቀድሜ የማውቅበት መንገድ የለኝም።»

«እሱን የሚያውቀው አንዱ ነው» አሉ መሪጌታ።

«ልክ ነዎት። እኔ የማውቀው የብዙ ሰው ታሪክ ሲደመር ወዴት እንደሚያደላ ነው። ወደ መዋጡ ያደላል። ስለዚህ የማቀርብልዎት ሌላ ነው። የዚችው ዘመድ የሆነች ሌላ መድኃኒት አለች። በትንሹ እንጀምራታለን። ካመመዎት ለእኔ ይነግሩኛል እንጂ ብቻዎን አይተዉም። ሽንትዎ እንደ ጠላ ከጠቆረ ወይም መቆም ካቃተዎት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ።»

«እግሬስ?»

«ላያምዎት ይችላል። ሊያምዎትም ይችላል። ቢያምዎትም እንደ በፊቱ ላይጠና ይችላል።»

«ሁሉም ይችላል ነው?»

«አዎ፣ አባቴ» አለ ሐኪሙ። «ሁሉም ይችላል ነው።»

መሪጌታ ጢማቸውን ዳበሱ። «ጥቅምት ሃያ ሰባት የደብራችን መድኃኔ ዓለም ይነግሣል። ታቦቱ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ብጀምርስ?»

ሲሳይ ካርዳቸውን ገለጠ። «እንደ እኔ ከሆነ ዛሬ ቢጀምሩ ነው የምመርጠው። እስከዚያ አንድ ነገር ይሆናሉ ብዬ አላስፈራራዎትም፤ አይሆኑምም ብዬ አልፈርምም።»

መሪጌታ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ውብአለም ቃሏን አጥንታ መጥታለች። ዛሬውኑ ይዋጡ ልትል አፏን ከፈተች። ሁለቱ ሰዎች እያዩዋት ነው። የባሏን ጉልበት አየች፤ ወንበሩ ላይ ሆነው እንኳ ለመነሳት የተዘጋጀ ይመስላል።

«በዓሉን ይቁሙ» አለች። «በማግስቱ ይጀምራሉ። የምሰጣቸውም እኔው ነኝ።»

ድምፅዋን ራሷ ሰምታ ደነገጠች፤ ግን አላጠፈችውም። ሐኪሙ ተቀብሎ ቃል አስገባቸው። የሌሊቱን ማኅሌት ለሌሎች ይተዋሉ፤ ቀን ታቦቱ ሲወጣ ብቻ ይቆማሉ፤ ደረታቸውን ጫን ካለው ወዲያው ይቀመጣሉ፤ አስፕሪኑንና የግፊቱን መድኃኒት አንድ ቀን አያጓድሉም። መሪጌታ በሁሉም ተስማሙ።

የበዓሉ ቀን ብራ ነበር። ገብሱ ደርሶ ተዳፋቱ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ቅዳሴው ተፈጽሞ ታቦቱ ሲወጣ ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ ካቡ ላይ ተደርድሯል። ውብአለም ከሴቶቹ ጋር ከፊት ቦታ ያዘች። ፈንታነሽ ነገሩን ታውቃለች፤ አጠገቧ ቆማ እጇን ይዛታለች።

መሪጌታ ኪዳኔ ቀኙን ረድፍ ያዙ። አዳነ ወደ ግራው ተሻግሮ ፊት ለፊታቸው ቆመ። ሲጀመር በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ መቋሚያው ወደ ፊት ዘንበል፣ ወደ ኋላ መለስ፣ ጸናጽሉ እንደ ውኃ ሽው ይላል። መሪጌታ ገና አልሠሩም፤ ይጠብቃሉ። ውብአለም ይህን መጠበቃቸውን ታውቀዋለች። ከበሮው ጠበቅ ሲል ትከሻቸው ላላ፤ ጉልበታቸው ሸብረክ አለ፤ ወረዱ፤ ተነሱ። ከካቡ ላይ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ «ተባረክ» ሲል ተሰማ።

እልል ማለት ፈለገች፤ ግን አንዴ ጉልበታቸውን ታያለች፣ አንዴ ደረታቸውን። ፊታቸው ሲጨማደድ ደረታቸው ላይ ታፈጣለች፤ መልሶ ሲፈታ ወደ ጉልበታቸው ትመለሳለች። ጭብጨባው ገብቶ ረድፉ ሁሉ በአንድ እግር ሲነሳና ሲወድቅ ደግሞ ደረታቸውን ማየቱን ረሳችው። እብናት ያየችው ወጣት ነው። ጢሙ ሸብቷል፣ አንገቱ ቀጥኗል፣ እሱ ግን እሱ ነው። አሁን ይበቃዎታል ልትል ነበር፤ እንዳያቆሙም ትለምን ነበር።

ወረቡ ሲያልቅ መሪጌታ በራሳቸው እግር ወደ ወይራው ጥላ ሄደው ተቀመጡ። አልቧቸዋል፤ ላቡ የጤና ላብ ነበር። አዳነ ውኃ ሰጣቸው። ምንም አልሆኑም።

በማግስቱ ማታ ውብአለም አዲሱን ክኒን በትንሽ ሳህን፣ ውኃውን በብርጭቆ አቀረበች። መሪጌታ ክኒኗን በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ ብርሃኑ አደረጓት።

«በዓሉን ጠገብሽው?» አሏት።

«አልጠገብኩም።»

«እኔም» አሉና ዋጧት።

ኅዳር በሰላም አለፈ። እሷም አፍ አውጥታ ባትናገርም ተስፋ ማድረግ ጀምራ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ሕመሙ ተመለሰ። እንደ ድሮው አልነበረም፤ ከወንበር ሲነሱ ጉልበታቸውን አይይዙም፣ ዳገቱንም ቀስ ብለው ይወጡታል። ግን መሬቱ ከበዳቸው። በገብርኤል በዓል መግቢያውን ከቆሙ በኋላ ጭብጨባው ሳይደርስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ግድግዳው ተመለሱ። አሁን ተማሪዎቹን ተቀምጠው በቃል ያስተምሯቸዋል፤ በአካል የሚያሳየው አዳነ ነው። አንዳንዴ አዳነ ሲሳሳት ሊነሱ ይቃጣቸዋል። ተመልሰው ይቀመጡና «ጉልበትህን አትቸኩልበት፣ እሱ ራሱ ያውቃል» ይሉታል።

ከበዓል ሲመለሱ ግን እንደ ክረምቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አያዞሩም። ማን እንደተሳሳተ ይነግሯታል። ትስቃለች። ከሳቀች በኋላ እሳቸው ስለ ራሳቸው የሚነግሯት ነገር እንደሌለ ታስታውሳለች።

የካቲት ላይ ደብረ ታቦር ለክትትል ሄዱ። የደማቸው ቅባት ወርዷል። ሲሳይ መጠኑን ከፍ ቢያደርግላቸው የበለጠ እንደሚወርድ፣ ግን እግራቸውም ሊብስባቸው እንደሚችል ነገራቸው። ተመካከሩ። ባለበት ይቆይና ሰኔ ላይ እንየው ተባባሉ። እግራቸው ያማቸው እንደሆነ ሲጠይቃቸው መሪጌታ «አለ» ብለው ብቻ መለሱ።

ማታ ገሳይ ሲደርሱ ከሚኒባሱ ወርደው የመንደሩን መንገድ ያዙ። የጉና ንፋስ ፊት ለፊት ይመታቸዋል። ድሮ እሳቸው ከፊት ይሄዱ ነበርና እሷ ትከተላቸው የነበረው ለመድረስ እየተጣደፈች ነው። አሁን ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ።

«ለከርሞው ጥቅምት» አሉ መሪጌታ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ያን ሐኪም ክኒኗን አንድ ወር ላቁማት ብዬ ብለምነው ይፈቅድልኝ ይሆን?»

ውብአለም ሐኪሙ የሚለውን ታውቃለች። እሷም ምን ማለት እንዳለባት ታውቃለች። ያን ልትላቸው አልቻለችም፤ ይለምኑት ልትላቸውም አልደፈረችም።

«መጀመሪያ ለከርሞ ያድርሰን» አለቻቸው።

«አሜን» አሉ።

ክንዳቸውን ያዘችላቸውና ዳገቱን ቀጠሉ።